የሦስት ቀን ተኩሉ ኢታት፦ ጎንደር ላይ ለሚሠራ ነርስና ጤና መኮንን ያዋጣል ወይ?

መልሱን ለማስቀደም፦ ያዋጣል። ለሕፃናት ድንገተኛ ወይም ለጽኑ ሕሙማን ክፍል አዲስ የተመደበ ነርስም ሆነ ጤና መኮንን በሦስት ቀን ተኩል ከኢታት (በጠና የታመሙ ሕፃናትን በድንገተኛ ከመለየትና ከማከም ሥልጠና) የበለጠ የሚጠቅም ሥልጠና አያገኝም። ሰርተፊኬቱን ይዞ ስለተመለሰ ብቻ ግን የክፍሉን ሕፃናት ሁሉ አስረክቦ ሌሊቱን ብቻውን እንዲወጣው መተው ልክ አይደለም። ኢታት የሚያስተምረው የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ነው። የቀረው ሌሊት ሌላ ትምህርት ይፈልጋል፤ ያ ትምህርት ደግሞ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም።

ሥልጠናውን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በሠልጣኝ መጽሐፍና በአሠልጣኝ መመሪያ መልክ አወጣው፤ ጤና ሚኒስቴርም ለአገራችን አስማምቶ ይጠቀምበታል። ሰባት ክፍሎች አሉት፦ ትሪያጅ (ሕሙማንን እንደ አደጋቸው መጠን በቅደም ተከተል መለየት)፣ የአየር መንገድና አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ ራስን መሳትና መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት ፈሳሽ ማጣት፣ በሕሙማን ታሪክ ላይ የሚደረግ ልምምድ፣ በመጨረሻም ሥራውን በየሆስፒታሉ ማስጀመር። የመጨረሻው ክፍል ሁልጊዜ የሚቸኮልበት ነው፤ ሠልጣኙ ሻንጣውን አዘጋጅቶ አበሉን በሚጠብቅበት ግማሽ ቀን ላይ ይወድቃል። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን እሱ ነበር።

የሥልጠናው ትልቁ ሀብት ትሪያጁ ነው። ሕፃኑ በር ላይ እንደደረሰ በመጀመሪያ የሞት አፋፍ ምልክቶች ይታያሉ፦ መተንፈስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ እጁ የቀዘቀዘና የልብ ምቱ የደከመ፣ ራሱን የሳተ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በተቅማጥ ክፉኛ የደረቀ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ካርድም ታሪክም ሳይጠበቅ ሕክምናው እዚያው ይጀመራል። ካልታየ ቅድሚያ የሚያሰጡትን ምልክቶች መፈለግ ነው፦ ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው፣ አደጋ የደረሰበት፣ መዳፉ የነጣ፣ መርዝ የወሰደ፣ ብርቱ ሕመም ያለው፣ ትንፋሹ የከበደ፣ የሚነጫነጭ ወይም የዛለ፣ በሪፈር የመጣ፣ በግልጽ የከሳ፣ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ፣ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት። ሁሉም በዓይንና በእጅ የሚታወቁ ናቸው። የለመደ ሰው አንድ ሕፃን ለመለየት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይፈጅበትም።

መጽሐፉ ትሪያጅ የሐኪም ብቻ ሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። የበር ጥበቃው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ የአደጋ ምልክቶቹን ሊማሩ ይችላሉ፤ ሊማሩም ይገባል። እኛ አገር ሕፃኑ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ጥበቃው ነው፤ መጀመሪያ የሚሰማውም «ካርድ አውጡ» የሚለውን ነው። ከደምቢያ ወይም ከጭልጋ ስትመጣ ያደረች እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደርባ ሰልፍ ትይዛለች። በጋቢ ላይ አተነፋፈስ አይቆጠርም፤ የደረት መሰርጎድም አይታይም። ስለዚህ ለጥበቃውና ለካርድ ሠራተኛዋ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃል፦ «እናቴ፣ ልጁን አውርጂና ግለጪልኝ» ማለት፣ እና «ተኝቷል» የሚለውን መልስ አለመቀበል። ብዙ ጊዜ «ተኝቶልኛል» የተባለው ልጅ ራሱን የሳተ ይሆናል። መጥራት፣ ካልመለሰ መነካካት፣ ካልነቃ ጡንቻውን ጫን አድርጎ ማሳመም፤ ደረጃውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይመዘገባል፦ ንቁ፣ ለድምፅ የሚመልስ፣ ለሕመም ብቻ የሚመልስ፣ ለምንም የማይመልስ። በማላዊ ብላንታየር የሚገኘው ኩዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕፃናት መቀበያውን አደራጅቶ፣ ትሪያጅ አስተምሮ፣ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናውን ሠራተኛ አቀናጅቶ ሲሠራ፣ ቀድሞ ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው የተኝተው ታካሚ ሕፃናት ሞት ወደ 6 እና 8 በመቶ መካከል ወርዷል። ለውጡን ያመጣው ሥልጠናው ብቻ ሳይሆን የበሩ አሠራር መቀየሩም ጭምር ነው። አንድ ነርስ ብቻውን ሠልጥኖ ወደ ድሮው ሰልፍ ቢመለስ ይህ ውጤት አይጠበቅም።

አተነፋፈስን የሚመለከተው ክፍል ጥሩ ነው፤ ጥሩነቱ ግን በአምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ በሚሰጠው ከረጢት) እና በመለማመጃ አሻንጉሊቱ ብዛት ይወሰናል። በአንድ አሻንጉሊት ላይ ከስድስት ሰው በላይ ከተመደበ ሠልጣኙ አይቶ ይመለሳል እንጂ እጁ አይለምድም። ማስኩ ከአፍንጫ አጥንት ጀምሮ አገጭ ላይ ያርፋል፤ ዓይን ላይ ከወጣ ትልቅ ነው። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ማስኩ ይያዛል፤ ቀሪዎቹ ሦስት ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ወደ ላይ ያነሣሉ። ከሁሉ የሚደጋገመው ስህተት እነዚህ ሦስት ጣቶች ከአጥንቱ ተንሸራትተው ከአገጭ በታች ያለውን ለስላሳ ሥጋ መጫናቸው ነው። ያኔ ምላስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አየሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሆዱ ሲነፋ ሳምባው ይጠባል። ሁለተኛው የአንገት አቀማመጥ ነው፦ ከአንድ ዓመት በታች ላለው ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው በትንሹ ወደ ኋላ ይላል። ጨቅላውን እንደ አዋቂ ወደ ኋላ ያጠፈ ሰው የአየር መንገዱን ራሱ ይዘጋዋል። ደረት እስኪነሣ ድረስ ብቻ መጭመቅ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ጉዳት ነው። በየተረኛው ርክክብ ላይ የባጉን መውጫ በመዳፍ ደፍኖ መጭመቅ የሚባለው ሙከራም ልማድ መሆን አለበት፤ አየር የሚያሾልክ ባግ ሕፃኑ ትንፋሽ ሲያቋርጥ ቢታወቅ አይጠቅምም።

ፈሳሽ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2005ቱ መጽሐፍ ሾክ ላይ ላለ (የደም ዝውውሩ ክፉኛ ለተዳከመ)፣ በምግብ እጥረት ላልተጎዳ ሕፃን በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በፍጥነት ስጡ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ግን ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጣቸው ይበልጥ መሞታቸውን አሳየ፤ ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ አካባቢ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ምክሩን አሻሻለ። አሁን ሾክ የሚባለው ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው፦ የቀዘቀዘ እጅና እግር፣ ደካማና ፈጣን የልብ ምት፣ ተጭኖ ሲለቀቅ ከ3 ሴኮንድ በላይ የሚዘገይ የደም መመለስ። ሦስቱ ካሉ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ፈጣን ፈሳሽ አይሰጥም። ክፉኛ ደም ያነሰው ሕፃን የሚያስፈልገው ደም ነው፤ ከመተማ ቆላ በወባ ተጎድቶ የሚመጣውን ልጅ ማሰብ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳው ደግሞ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር በአንድ ሰዓት ያገኛል። አሠልጣኙ አሁንም የድሮውን ስላይድ የሚያሳይ ከሆነ ሠልጣኙ እጁን አውጥቶ የ2016ቱን ይጠይቅ፤ ይህ ድፍረት ሳይሆን የሙያ ግዴታ ነው።

ቁጥሩን ወደ ጠብታ መቀየርም በሥልጠናው በቂ ልምምድ አያገኝም። 10 ኪሎ ለሆነ ሕፃን በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ማለት 100 ሚሊ ሊትር ነው። ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በአንድ ሰዓት ለመጨረስ በደቂቃ 33 ጠብታ ይሆናል። ሙሉ የ1,000 ሚሊ ሊትር ከረጢት ሰቅሎ «እየቆጠርኩ ነው» ማለት በጨለማና በሥራ ብዛት አያዋጣም፤ ከከረጢቱ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀርቶ የተረፈውን ማፍሰስ ወይም በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መግፋት ይሻላል። የደም መመለስን በተመለከተም የአገራችን ክረምት ያሳስታል። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ የመጣ ሕፃን ጣቱ ቢነጣ ብርዱ ሊሆን ይችላል፤ ደረቱ ላይ ተጭኖ መቁጠርና የልብ ምቱን ማመን ነው።

ደም ሥር ሲጠፋ በአጥንት ውስጥ መርፌ ማስገባትን ኢታት በዶሮ እግር ያስተምራል፤ ከሥልጠናው ሁሉ ሠልጣኝ የማይረሳው ይህን ነው። ከጉልበት በታች ያለውን የቅልጥም ጉብታ ዳስሶ፣ ከሱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በውስጠኛው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ፣ ከጉልበቱ ሽሽት ወደ እግር ጫፍ ትንሽ አዘንብሎ፣ እያዞሩ መግፋት። መርፌው ድንገት ሲቀልና ሳይያዝ ቀጥ ብሎ ሲቆም ገብቷል። ከዚያ ፈሳሽ ገፍቶ ባቱን መዳሰስ ግዴታ ነው፤ ባቱ ካበጠ መርፌው አልፏል። ደም ሥር እንደተገኘ ይነቀላል፤ ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይም። አዘጋጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ ሥልጠናው በዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ጎንደር ውስጥ የዶሮ እግር በዚያን ዕለት ጠዋት ተልኮ አይገኝም። ቀድሞ አስቦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ከሙስሊም ሥጋ ቤት ማዘዝ ያስፈልጋል። አጥንት ጠፍቶ ክፍሉ በስላይድ የታለፈበት ሥልጠና ግማሹን ዋጋውን አጥቷል።

የስኳር ማነስና የመንቀጥቀጥ ክፍሉ አጭርና ጠንካራ ነው፤ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የሚሰጠው 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በየመደርደሪያችን የሚገኘው ግን ባለ 40 በመቶው አምፑል ነው። አንድ እጅ 40 በመቶ ከሦስት እጅ የመርፌ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 10 በመቶ ይሆናል፦ 10 ሚሊ ሊትር ከ30 ሚሊ ሊትር ጋር 40 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል፤ ይህም 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ልክ ነው። በ5 በመቶ ግሉኮስ ከተቀላቀለ ደግሞ አንድ እጅ ለስድስት እጅ ነው። ይህ በትልቁ ተጽፎ ድንገተኛ ትሮሊው ላይ መለጠፍ አለበት፤ ሳይቀጠን የተሰጠ 40 በመቶ የሕፃንን ደም ሥር ያቃጥላል። መንቀጥቀጡን ለማቆም በፊንጢጣ የሚሰጠው ዳያዜፓም በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ 10 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ከሆነው አምፑል በኪሎ 0.1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መርፌው ተነቅሎ ሲሪንጁ ብቻ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ከዚያ መቀመጫው ለጥቂት ደቂቃ ተጨብጦ ይያዛል። ካልተጨበጠ መድኃኒቱ ተመልሶ ይወጣና «አልሠራለትም» ተብሎ ሁለተኛ መጠን ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ግን በከፊል ገብቷልና ትንፋሽ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። የተቅማጥና የፈሳሽ ማጣት ክፍሉ ምንም አይወጣለትም።

ኦክስጅን ላይ ኢታት ለጎንደርና ለአካባቢዋ ሆስፒታሎች መጨመሪያ ይሻል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ባታንስም 2,500 አትደርስም፤ ስለዚህ ኦክስጅን የሚጀመርበት የተለመደው የደም ኦክስጅን ወሰን፣ 90 በመቶ፣ እንዳለ ይሠራል፤ የሞት አፋፍ ምልክት ላለበት ደግሞ እስኪረጋጋ 94 በመቶ ነው። ደባርቅ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ላለ ባለሙያ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 87 በመቶ ነው። ከደባርቅ 88 ተብሎ የተጻፈ ሪፈርና ከመተማ 88 ተብሎ የተጻፈ ሪፈር አንድ አይደሉም። ሲሊንደር ምን ያህል እንደሚቆይ ማስላትም በሥልጠናው የለም። የሲሊንደሩ ይዘት በሊትር በጌጁ ንባብ ይባዛል፦ 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 50 ባር ካሳየ ወደ 2,000 ሊትር ቀርቶታል፤ በደቂቃ 2 ሊትር የሚወስድ አንድ ሕፃን ካለ 16 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሁለት ከሆኑ ስምንት ሰዓት። ማታ ተረኛ የገባ ሰው ይህን በሁለት ደቂቃ አስልቶ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሊንደር ፍለጋ አይሮጥም።

አሁን ወደ ቀሪው ሌሊት። በአሜሪካ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች (ተጨማሪ ተምረው ሕሙማንን መርምረው ለሚያክሙ ነርሶች) እና ለሐኪም ረዳቶች የሚሰጥ የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ፌሎውሺፕ፣ ማለትም በሥራ ላይ የሚሰጥ ልዩ ሥልጠና፣ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል። ሠልጣኙ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው በጽኑ ሕሙማን፣ በልብ ሕሙማንና በማደንዘዣ ክፍሎች እየተዘዋወረ፣ በየአልጋው አጠገብ አንድ የበላይ እያየው ይሠራል። ሰዎች በዚህ ሲደነቁ ጎንደር የራሷን ታሪክ መርሳት የለባትም፦ የሐኪም ረዳትም የሕፃናት ነርስ ፕራክቲሽነርም ትምህርት አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ማውጣት ለዚህ ከተማ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ከፌሎውሺፑ መወሰድ ያለበትም ቬንቲሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) እና ውድ መሣሪያው ሳይሆን እየታዩ መደጋገሙ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ባብል ሲፓፕ፣ ማለትም ትንፋሹ ለከበደ ሕፃን ኦክስጅንን በግፊት የሚሰጠው መሣሪያ፣ ያስረዳል። መሣሪያው ቀላል ነው፦ ኦክስጅን በአፍንጫ ይገባል፤ መውጫው ቱቦ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ያ ጥልቀት ግፊቱን ይሰጣል። ማላዊ ውስጥ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት ከባድ የሳምባ ምች ከሌላ አደጋ ጋር ከነበረባቸው ሕፃናት ሲፓፕ ያገኙት 17 በመቶ፣ ተራ ኦክስጅን ያገኙት 11 በመቶ ሞቱ። በአገራችን አጠቃላይ ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት ግን ሲፓፑ የተሻለ መሆኑን አሳየ። ማን እንደሚከታተለውና ሕፃኑ ምን ያህል ደክሞ እንደመጣ ካልታየ መሣሪያው ብቻውን አያድንም። ሲፓፕ ላይ ያለን ሕፃን በየሰዓቱ ማየት ማለት ይህ ነው፦ ውኃው እየፈላ ነው ወይ፤ ካቆመ አፍንጫው ላይ ወይም መጋጠሚያ ላይ እያሾለከ ነው። የውኃው ልክ 5 ላይ ነው ወይ፤ ጠል ተጠራቅሞ ከፍ ካለ ግፊቱም ከፍ ብሏል። የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ቀልቷል ወይ። ሆዱ ተነፍቷል ወይ፤ ከተነፋ የሆድ ቱቦ ገብቶ አፉ ክፍት ይተው። ይህንን ኢታት አያስተምርም፤ በሥራ ላይ እጅን ይዞ የሚያሳይ ሰው ይጠይቃል።

ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ለዚህ ሥልጠና ሰው ሲልክ ከየክፍሉ አንዳንድ ሰው ከመበተን ይልቅ ከአንድ ክፍል የአንድ ተረኛ ቡድንን በሙሉ፣ ከነጥበቃውና ከካርድ ሠራተኛዋ፣ ቢልክ ይሻላል። አዘጋጁን ደግሞ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ስንት አሻንጉሊት፣ ስንት ሠልጣኝ፤ ፈሳሹ የ2016ቱ ነው ወይ፤ ልምምዱ ሆቴል አዳራሽ ነው ወይስ ሆስፒታል ግቢ። ከሥልጠና በኋላ የሚደረገው ፈተና ከፍተኛ ውጤት አያታልል፤ ወረቀት ላይ 95 ያገኘ ሰው በሦስተኛው ወር ማስክ ሲይዝ ሦስት ጣቶቹ ወዴት እንዳሉ ማየት ይሻላል። አሠልጣኙ በአንድ ወርና በሦስት ወር መጥቶ በአልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያይበት ቀን በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ያ ቀን እስኪጻፍ ድረስ ምዝገባውን ማዘግየት ይቻላል።